አሮጊቷ ቮልስና የጎጀብ ቁልቁለት

የዒድ ዋዜማ ነው። ቦንጋ ውስጥ አንድ አባወራ ከግቢው በር ላይ ያቆማትን አሮጌ ቮልስዋገን እየዞረ ያያታል። ጅማ ያሉት አያት የልጅ ልጆቻቸውን እየጠበቁ ነው። እናት ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የልጆቹን የበዓል ልብስ በሻንጣ ከታ ጨርሳለች። ሦስቱ ልጆች ማን በመስኮት በኩል እንደሚቀመጥ ክርክር ጀምረዋል። አባት የፊቱን ጎማ በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገና «ደህና ናት» አለ። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተነሣ። ቢስሚላህ ብለው ጉዞ ጀመሩ።

ውድ አንባቢያን! ይህ በየበዓሉ በየከተማው የምናየው ነገር ነው። ጥያቄያችን ግን አንድ ነው፤ ጎማ መርገጥ ምርመራ ነውን? ከቦንጋ ጅማ ያለው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሆኖም መንገዱ ጊምቦን አልፎ ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ወደ ሸቤ ይወጣል። በቁልቁለቱ የሚፈተነው ፍሬን ነው፤ በዳገቱ የሚፈተነው ሞተር ነው። ሁለቱንም ጎማ ረግጦ ማወቅ አይቻልም። በዚህ ጽሑፍ አንዲት ያረጀች ትንሽ መኪና ያለው ቤተሰብ በግቢው ውስጥ በገዛ እጁ ሊሠራ የሚችለውን፣ ደግሞም ፈጽሞ ሊነካው የማይገባውን ለይተን እናያለን። ምሳሌያችን ቮልስ ናት። ኮሮላ ወይም ቪትዝ ያላችሁም ስለ ፍሬን፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ቤንዚን ጎማና ስለ ዝገት የተነገረው ለእናንተም ይሠራል።

ለምን ስለ አሮጌ መኪና?

«አርጅታለች፤ ሸጠህ ሌላ ግዛ» ማለት ለመካሪው ቀላል ነው። ለአባወራው ግን ቀላል አይደለም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ በሚያስገቡ ላይ ከበድ ያለ ታክስ ጣለ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ጀመረ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ዋጋ አብሮ ወደ ላይ ወጣ። እንግዲህ በእጅ ያለችውን መጠበቅ የድህነት ምልክት ሳይሆን ማስተዋል ነው።

ቮልስ ለዚህ የተመቸች መኪና ናት። ፋብሪካዋ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1938 ዛሬ ቮልፍስቡርግ በምትባለው የጀርመን ከተማ ነው፤ ንድፏን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1972 ዓ.ም. 15,007,034ኛዋ ተሠርታ ስትወጣ በፎርድ ሞዴል ቲ ተይዞ የነበረውን ክብረ ወሰን ወሰደች። የመጨረሻዋ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ ፑዌብላ ሲሆን፣ በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርተዋል። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ኮምፒዩተርም የላትም። ብዙው ጉድለቷ በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ፣ በአፍንጫ የሚሸተት ነው። ስለሆነም ባለቤቷ ትዕግሥትና ጥቂት ቁልፎች ካሉት ብዙውን ሥራ ራሱ ሊሠራው ይችላል።

በአንጻሩ ካፋ ለአሮጌ ቆርቆሮ የሚራራ አገር አይደለም። ዝናቡ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እምብዛም አያባራም። ቀዩ ጭቃ ከመኪናው ሆድ ሥር ተጣብቆ እርጥበት ይዞ ይከርማል። በበጋ ደግሞ ወደ ጪሪም ሆነ ወደ ሺሺንዳ ገጠር ገባ ለሚል ሰው አቧራው አለ። ቦንጋ ላይ መኪና የሚያረጀው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በክረምትም ነው።

መጀመሪያ ሕይወት፣ ኋላ ሞተር

ብዙ ባለቤቶች ጥገና የሚጀምሩት ሞተሩ ለምን እንደማይጎትት በመጠየቅ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። የማይጎትት ሞተር መንገድ ላይ ያቆማል እንጂ አይገድልም። የሚገድሉት እሳትና ፍሬን ናቸው። ስለዚህ ከእነርሱ እንጀምር።

1ኛ. ባትሪው ያለው ከልጆቹ ሥር ነው። የቮልስ ባትሪ የተቀመጠው ከኋላ ወንበር በታች በቀኝ በኩል ነው። የወንበሩ ምንጭ ሽቦ ብረት ነው፤ ከላዩ ሳርና ጨርቅ ነው። ወንበሩ ባረጀ ጊዜ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ሽቦው ወርዶ የባትሪውን ሁለት ራሶች ያገናኛል። ከዚያ ብልጭታ፣ ከብልጭታው ጭስ፣ ከጭሱ እሳት ይከተላል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ባትሪው ላይ ከፋብሪካው የመጣው መሸፈኛ ከጠፋ ወፍራም ጎማ ወይም ፕላስቲክ ቆርጦ ራሶቹን መሸፈን፣ ባትሪውንም እንዳይንቀሳቀስ በማሰሪያው አጥብቆ ማሰር ነው። ወንበሩን አንሥተው በሚያዩበት ጊዜ ባትሪው የተቀመጠበትን ወለል በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ ያድርጉ። አሲድ የሚፈስበት ስለሆነ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እርሱ ነው።

2ኛ. የቤንዚን ጎማ። ከሞተሩ በላይ ከቤንዚን ፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው ቀጭን ጎማ ከሙቀት የተነሣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጎማው በጨርቅ ስለሚሸፈን ስንጥቁ ከውጭ አይታይም። ሲፈስ ቤንዚኑ የሚወርደው በጋለ ሞተር ላይ ነው። አብዛኞቹ የተቃጠሉ ቮልሶች ታሪክ የሚጀምረው ከዚህች ጎማ ነው። ጎማውን በጣት አጠፍ አድርገው ይመልከቱት፤ ድርቅ ካለ ወይም መቼ እንደተለወጠ የማያውቁ ከሆነ አሁኑኑ ይለውጡት። በሁለቱም ጫፍ በሽቦ ሳይሆን በማጥበቂያ ቀለበት ይሰር። የቤንዚን ሽታ ሲኖር «ሁልጊዜም ትሸታለች» ብሎ ማለፍ አይገባም። መኪናው ውስጥ ዱቄት የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ ይኑር። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ያለበት ብረት ስለሆነ እርሱ ራሱ ከተያያዘ ውሃ መርጨት እሳቱን ያብሳል እንጂ አያጠፋም። ቤተሰቡን አስወርዶ መራቅ ከሁሉ ይቀድማል።

በዚህ ላይ አንድ የአገራችንን ነገር እንጨምር። ካፋ የቡና አገር ነው፤ በየግቢው ከሰል ይያያዛል፣ ቡና ይቆላል። አባት ጥላ ሥር የቤንዚን ጎማ ሲፈታ እናት ደግሞ ጥቂት ራመድ ብላ ቡና ታፈላለች። ይህ ያማረ ይመስላል፤ አደገኛ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ፍሙ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ቤንዚን የሚነካ ሥራ ባለበት ሰዓት ቡናው ይቆይ፤ ወይም ሥራው ይቆይ።

3ኛ. ፍሬን። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል። እንደ ቦንጋ እርጥበት በበዛበት አገር ደግሞ ይበልጥ ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይፈላና አረፋ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በግቢ ውስጥ ደህና የነበረ ፍሬን ጎጀብ ቁልቁለት ላይ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። የፍሬን ዘይት ማስቀመጫው ከፊት ኮፈኖ ሥር ነው። ዘይቱ ከጎደለ መጨመሩ ብቻ አይበቃም፤ የት እንደሄደ መፈለግ ያሻል። በአራቱም ጎማ ውስጠኛ ገጽ ላይ እርጥበት ካለ ይመልከቱ። ከሁሉ በላይ በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው ካለ ያስቁሙት፤ የሞተር ዘይት በውስጡ ያሉትን ጎሚኒዎች አሳብጦ ፍሬኑን ከነአካቴው ይገድለዋል። ቀደም ያሉት ሞዴሎች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ስለሆነ በአንዱ ጎማ የፈሰሰ ዘይት አራቱንም ያሳጣል።

ፔዳሉ ለመያዝ ብዙ የሚወርድ ከሆነና ዘይት የማይፈስ ከሆነ ፍሬኑ መስተካከል ፈልጓል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ሁለት ባለጥርስ ማስተካከያዎች አሉ። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ፣ ማስተካከያው በቀዳዳው በኩል በካቻቢቴ ይዞራል፤ ጎማው በእጅ ሲዞር እስኪይዝ ድረስ ካጠበቁ በኋላ በነፃ እስኪዞር ሦስት ወይም አራት ጥርስ ይመልሱት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ለኋላ ጎማዎች የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት፤ ስለዚህ የፊት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ።

የክሪክ ነገር

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር ማንም ሰው መግባት የለበትም። ቮልስ ክሪኳ የሚገባው በጎኗ ባለ ቀዳዳ ነው፤ ያ ቦታ ከውስጥ ከዛገ ክሪኩ ቆርቆሮውን በስቶ ይገባል፤ መኪናዋም ትወድቃለች። የቦንጋ ዝናብ ያረሰረሰው መሬት ላይ ደግሞ ክሪኩ ራሱ ይሰምጣል። ከክሪኩ በታች ሰፊ ጠፍጣፋ እንጨት ያድርጉ፤ መኪናዋን ካነሡ በኋላ ወፍራም ግንድ ወይም የብረት ማቆሚያ ከሥሯ ያስገቡ። ብሎኬት አይሆንም። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ልጆች ቁልፍ ለማቀበል ይቅረቡ እንጂ ከመኪናው ሥር እጃቸውን አይስደዱ።

የሞተሩ እስትንፋስ

የቮልስን ሞተር የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ከአንዲት ቺንጋ ይመጣል። ይህችው ቺንጋ ዲናሞውንም ታዞራለች። ስለዚህ ቀዩ መብራት በጉዞ ላይ ከበራ ብዙ ሰው እንደሚያስበው «ባትሪ አይሞላም» ማለት ብቻ አይደለም፤ ቺንጋዋ ተበጥሳ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል። «እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ» ያለ ሰው የሚደርሰው ሞተሩን አቃጥሎ ነው። ቺንጋዋ በአውራ ጣት መካከሏ ሲጫን 15 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለባት። ከላላች የዲናሞው ፑሌጃ ተፈትቶ በሁለቱ ግማሾች መካከል ካሉት ቀጫጭን ቀለበቶች አንድ ይወጣል። የወጣው አይጣል፤ ከፑሌጃው ውጭ በኩል ከዳዶው ሥር ይታሰራል፤ ለሌላ ቀን ይፈለጋልና። አንድ አዲስ ቺንጋና 21 ቁጥር ቁልፍ ከመኪናዋ አይለዩ።

ሌላው የሚዘነጋው በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ነው። ሥራው ከታች ያለውን የጋለ አየር ወደ ላይ እንዳይመለስ መከልከል ነው። ከተቀደደ ወይም ከወደቀ ማቀዝቀዣው የጋለ አየር መልሶ ይስባል። ጎጀብን ተሻግሮ ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ ለምን እንደሚዝል ግራ የገባው ሰው ይህን ይመልከት። በበጋ ደግሞ የአየር ማጣሪያውን ይፍታ። በቀደሙት ሞዴሎች አቧራው የሚቀረው በሣህኑ ውስጥ ባለ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ጭቃ ከሆነ ታጥቦ ይለወጥ።

ዘይትና ባልቦላ

ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይቆሽሻል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ አቧራ ላይ ለሚሄድ ደግሞ ከዚያ በፊት ይለወጥ። ማጣሪያዋ የሽቦ ወንፊት ናት፤ በስድስት ትንንሽ ዳዶዎች የታሰረችውን ክዳን ፈትቶ ወንፊቱን በቤንዚን ማጠብ፣ ጓርኒሲዮኑንም መለወጥ ነው። ሲመልሱ ዳዶዎቹን በጉልበት አያጥብቁ። ጥርሱ ካለቀ ርካሹ ሥራ ውድ ይሆናል። በወንፊቱ ላይ የብረት ፍርፋሪ ካዩ ለመካኒክ ያሳዩት።

የወጣውን ዘይት ቦይ ውስጥ ወይም ጓሮ መድፋት ልማድ ሆኗል። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ ምንጩም ጅረቱም የጎረቤት የመጠጥ ውሃ ነው። ዘይቱን በጀሪካን አጠራቅሞ ለሚቀበል ጋራዥ መስጠት ብዙ አያደክምም።

ባልቦላ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ይለካ። ሥራው የሚሠራው ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ አድሮ ነው። የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ይነሣና በውስጡ ያለችው ጠቋሚ በጠርዙ ላይ ካለችው ምልክት ጋር እስክትገጥም ፑሌጃው ይዞራል። ያን ጊዜ 1ኛው ሲሊንደር ዝግጁ ነው፤ እርሱም በቀኝ በኩል ወደ መኪናው ፊት ያለው ነው። ክፍተቱ በአብዛኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሞተሩ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ካለ ግን እርሱን ይከተሉ። ከዚያ ፑሌጃውን ወደ ኋላ ግማሽ ዙር እያዞሩ 2ኛውን፣ 3ኛውንና 4ኛውን በተራ ይሥሩ።

ብዙዎች የሚንኳኳ ባልቦላ ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ዝም ያለው ደስ ይላቸዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሚንኳኳው ክፍተቱ የሰፋ ነው፤ ኃይል ይቀንሳል እንጂ ፈጥኖ አይበላሽም። ዝም ያለው ግን ክፍተቱ የጠፋ፣ ባልቦላውም ሙሉ በሙሉ የማይዘጋ ሊሆን ይችላል፤ ይቃጠላል፣ ይሰበራልም። በተለይ 3ኛው ሲሊንደር በቀደሙት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ስለሚቆምበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። በየልኬቱ ክፍተቱ እየጠበበ የሚሄድ ባልቦላ ካለ ቴስታታው ይፈተሽ ዘንድ ምልክት ነው።

ጎማና ዝገት

የቮልስ ክብደቷ ከኋላ ነው። ስለዚህ የፊት ጎማዎቿ ከኋላዎቹ ባነሰ ነፋስ ይነፋሉ፤ በፋብሪካው ልክ ከፊት ከ16 እስከ 18፣ ከኋላ ከ24 እስከ 27 ፒኤስአይ ገደማ ነው። አራቱንም እኩል የነፋ ጎሚስታ መሪዋን በእርጥብ መንገድ ላይ እንዳትታመን ያደርጋታል። በብዙዎቹ ሞዴሎች መስታወቱን የሚያጥበው ውሃ የሚረጨው በመጠባበቂያው ጎማ ነፋስ ነው። በጭቃ ቀን መስታወት ሲያጥቡ የዋሉ ሰው ማታ ጎማ ቢፈነዳባቸው መጠባበቂያው ጎድሎ ሊያገኙት ይችላሉ። ከጉዞ በፊት እርሱም ይለካ።

ዝገትን የሚያሸንፈው ቀለም ሳይሆን ውሃ ነው ቢባል ይገርማል። ክረምቱ ሲወጣ የመኪናዋ ሆድ በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ጭቃው ካልተነሣ እርጥበቱ አይለቅምና። ከበሮቹ ሥር ያሉ ትንንሽ የውሃ መውጫዎች በቀጭን እንጨት ይከፈቱ። የወለሉ ምንጣፍ ተነሥቶ ፀሐይ ይሙቅ። ወለሉ የበሰበሰ እንደሆነ ግን ላሜራ በላሜራ ላይ መለጠፍ ሳይሆን እስከ ጤነኛው ብረት ቆርጦ መበየድ ነው፤ ይህ የባትላሜራ ሥራ ነው።

ለባለሙያ የሚተው

ራስን ማወቅ የጥሩ ጠጋኝ ምልክት ነው። የኋላ ጎማ ከበሮ የሚታሰርበት ትልቁ ዳዶ ከፍተኛ ጉልበት ይፈልጋል፤ ካልጠበቀ ጎማው በጉዞ ላይ ሊወጣ ይችላል። የመሪ ክፍሎች፣ ዋናው የፍሬን ፓምፕ፣ ማንኛውም ብየዳና ሞተር መክፈት በጋራዥ ይሠሩ። የቤንዚን ታንክ አጠገብ ብየዳ ሲኖር ታንኩ አስቀድሞ ይውረድ። ጋራዥ ሲሄዱ «ተበላሽታለች» ከማለት «ሞቃ ስትሆን፣ ዳገት ላይ፣ በ3ኛ ማርሽ ትንቀጠቀጣለች» ማለት የመካኒኩን ጊዜ፣ የእርስዎንም ገንዘብ ያተርፋል።

ለዚህ የሚረዳው አንዲት ደብተር ናት። ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፣ የየባልቦላው ልክ፣ የተገዛው መለዋወጫ ይጻፍባት። ከልጆቹ አንዱ ወይም አንዷ ጸሐፊ ትሁን። መኪናዋን ለመሸጥ የሚያስገድድ ቀን ቢመጣ ደብተሯ ከነጉድለቱ ለገዢው ትሰጥ። የሚያውቁትን ነውር ደብቆ መሸጥ በእምነታችን የተከለከለ ማታለል ነው፤ በፍሬን ጉዳይ ሲሆን ደግሞ የሰው ነፍስ አለበት።

በመንገድ ላይ

ቁልቁለቱን በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱት፤ ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ ረግጦ መያዝ ያግለዋል። ማርሽ ነፃ አድርጎ ቤንዚን ለመቆጠብ መሞከር ነፍስን በሳንቲም መለወጥ ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ ሳያጓራ ፈጥነው ማርሽ ይቀንሱ፤ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ሲዞር ነፋሱም ይበረታል። አረንጓዴው የዘይት መብራት በጉዞ ላይ ከበራ እዚያው ያጥፉ።

እንግዲህ ወደ ዒዱ ዋዜማ እንመለስ። አባወራው ጎማውን ከመርገጥ ይልቅ ከሳምንት በፊት ግማሽ ቀን ቢሰጣት ኖሮ ወንበሩን አንሥቶ ባትሪውን ይሸፍናል፤ የቤንዚኑን ጎማ ይለውጣል፤ የፍሬኑን ዘይት ያያል፤ ቺንጋዋን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ አምስተኛውን ጎማ ይለካል። ከአምስቱ የሚበዛው ወጪ የማይጠይቅ፣ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ነው። ከዚያ ልጆቹ በመስኮት ጉዳይ ቢከራከሩ ግድ የለም፤ ከሥራቸው ያለው ባትሪ ተሸፍኗል፤ ከፊታቸው ያለው ቁልቁለትም ታስቦበታል። አላህ በሰላም ያድርሳችሁ፤ እናንተም ሰበቡን አድርሱ።